ሁለት አስ ጥለው የሄዱት ኤዶ ዐስሊ

ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ሁሉ መሄድ የፈለገ እንዳይመስላችሁ። ይህን የማያውቅ ሰው ገበያ አይውጣ፣ ሽምግልና አይቀመጥ፣ ትዳርም አይያዝ። በየከተማው፣ በየሰፈሩ፣ በየቤተሰቡ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለ። የሚፈልገውን ነገር ባየ ቁጥር ፊቱን አጨፍግጎ ከመቀመጫው ይነሣል፤ በር ላይ ደርሶ ጫማውን ለማጥለቅ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፤ "ኧረ ተቀመጥ" እስኪባል ድረስ ልቡ ይደልቃል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባት አጎታችሁ ነው፤ ምናልባትም ራሳችሁ ናችሁ።

የእኛ ግን ከሁሉም ይበልጣሉ። ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ፣ ከእኔ ስልክ መጠገኛ ፊት ለፊት ድሪያ የሚባለውን ሰፊ የሶማሌ ቀሚስና ሻርፕ የሚሸጡት ክብርት ኤዶ ዐስሊ በዚህ ሙያ አቻ የላቸውም። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። የእኔ አክስት አይደሉም፤ የመደዳው ሁሉ አክስት ስለሆኑ ግን እኔም አልተረፍኩም። ፊት ለፊት ሳወራቸው "አንቺ" ነው የምላቸው፤ ድሬ ላይ አንቱ የሚል ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ የሚለምነው ነገር አለው። ወረቀት ላይ ግን አንቱ እላቸዋለሁ፤ ወረቀት ላይ ሊከራከሩኝ አይችሉም።

አካሄዳቸው ሰባት እርምጃ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጬ ቆጥሬዋለሁ። መጀመሪያ "መንገዱ ሰፊ ነው" ይላሉ፤ ከዚያ ይነሣሉ። ሦስቱ እርምጃዎች የተቆጣ ሰው እርምጃዎች ናቸው። አራተኛው ላይ ሻርፓቸውን ያስተካክላሉ። አምስተኛው ላይ የጎረቤቱን ሻጭ ዕቃ ነካ ያደርጋሉ፤ ዓይናቸው ግን እዚያ የለም። ስድስተኛው በጣም አጭር ነው። ሰባተኛው ላይ ከኋላቸው "ነይ ውሰጂው" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ባሉት ዋጋ ገዝተው ይመለሳሉ። ድምፁ ካልተሰማ ስምንተኛው ላይ የግራ እግር ጫማቸው ይወልቃል። ጎንበስ ብለው ሲያጠልቁት የሚፈጀውን ጊዜ አይቶ የማይጠራ ሻጭ ታይዋን ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

የባጃጅ ሾፌሮች ያውቋቸዋል። ወደ ቤታቸው ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ሾፌሩ ይናገራል፣ እሳቸው "መንገዱ ሰፊ ነው" ብለው በእግራቸው ይጀምራሉ። ባጃጁ በጎናቸው ቀስ እያለ ይከተላል። በየመብራት ምሰሶው ሥር ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። ሳይስማሙ ቤታቸው በር ላይ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ስለሸኛቸው አመስግነውት ይገባሉ። አንድ ጊዜ ደግሞ ጥርስ ሊነቀሉ ሄደው፣ መርፌ ተወግተው፣ ግማሽ ፊታቸው ደንዝዞ ሳለ ከወንበሩ ተነሥተዋል። አፋቸው ስለደነዘዘ "መንገዱ ሰፊ ነው" ማለት አቅቷቸው በእጃቸው በሩን አሳዩት አሉ። ሐኪሙ ደረጃ ላይ ደርሶ መለሳቸው። ይህን የነገረችኝ ናስቲሆ ናት፤ ከእሳቸው አጠገብ ሽቶ ትሸጣለች። ናስቲሆ ያላየችውን አትናገርም፤ ያየችውን ግን እጥፍ አድርጋ ነው።

ልማዱ ከገበያ የመጣ አይደለም። ባለቤታቸው ዐብዲቃድር፣ አላህ ይርሐማቸው፣ በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። የጋብቻው ሽምግልና ላይ ተነሥታ የወጣችው ሙሽራዋ ራሷ ነበረች ይባላል። ሰውየውም ሽማግሎቹን ትተው ተከተሏት። ኤዶ ዐስሊ አንድ ቀን ስልካቸውን እየጠገንኩ ሳለ እንዲህ አሉኝ።

"ዐብዲቃድር ከሦስተኛ እርምጃ አሳልፎኝ አያውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት። ተጣልተን እናቴ ቤት ልሄድ ስነሣ፣ ሻንጣ ይዤ፣ በሩን ሳልነካ ይጠራኛል። ሰባት ድረስ መሄድ የጀመርኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው።"

ይህን ብለው ወዲያው የጥገናውን ዋጋ እንድቀንስ ተከራከሩኝ። አልቀነስኩም።

አዎ፣ እኔ አልቀንስም። አባቴ የምድር ባቡር ትኬት ቆራጭ ነበር፤ በትኬት ዋጋ ማን ተከራክሮ ያውቃል? ከፈልክ ትሄዳለህ፣ ካልከፈልክ ባቡሩ ይሄዳል። በዚህ ነው ያደግኩት። ታይዋን ውስጥ ኤዶ ዐስሊን መልሶ ያልጠራ ብቸኛ ሰው እኔ ነኝ፤ በዚህም እኮራ ነበር። የመጀመሪያው ቀን አንድ ቀይ የስልክ ከቨር ወደዱ። ሃያ ብር ብለው ሰጡኝ፣ አልሸጥም አልኩ፣ ተነሡ። ሰባቱን እርምጃ ሄዱ። ጫማቸው ወለቀ። እኔ መፍቻዬን ይዤ ሥራዬን ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይመጣሉ፣ ቀይ ከቨር ያነሣሉ፣ ሃያ ብር ይላሉ። ሦስት ስልክ ቀይረዋል። ዛሬ በሃያ ብር ከቨሩ የሚታሸግበት ላስቲክም አይገኝም። እሳቸው ግን ሃያ ላይ ቆመዋል፤ እኔም ከእነ ዋጋዬ ቆሜያለሁ።

አሁን ወደ ካርታው ልግባ። "ሴትዮዋን ቁማር አስተማረ" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበለኝ። የስልካቸውን መስታወት ቀይሬ ጣት እንደሚሰማ ለመሞከር የከፈትኩት ፖከር የሚባል የኢንተርኔት ካርታ ጨዋታ ነው። ብር አይገባበትም፣ ብር አይወጣበትም፤ ቺፕ የሚሉትን ባለቀለም የጨዋታ ሳንቲም በየቀኑ በነፃ ያድላል። ሁለት ካርታ ለብቻህ ይሰጥሃል፣ ሌሎች ካርታዎች መሀል ላይ ይዘረጋሉ፣ ከየአገሩ የመጡ አምስት የማታውቃቸው ሰዎች አብረውህ ይቀመጣሉ። ካርታህን ካመንክበት ቺፕህን ወደ መሀል ትገፋለህ፤ ካላመንክበት "ጣል" የሚለውን ትነካና ትወጣለህ። ኤዶ ዐስሊ ይህን ከኋላዬ አንገታቸውን አስግገው አዩ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ብር አለበት ወይ የሚል ነበር። የለበትም አልኳቸው። እንግዲያው ቁማር ሳይሆን ክርክር ነው ብለው ስልኩን ተቀበሉኝ።

ከዙህር ሰላት በኋላ ድሬ በሯን ዘግታ ትተኛለች። ሙቀቱ ሸማችንም ሻጭንም እኩል ይጥላል። ኤዶ ዐስሊ ግን በዚያ ሰዓት ማራገቢያቸውን አስነሥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ዓለም አቀፍ ክርክር ላይ ይቀመጡ ጀመር።

በሁለተኛው ቀን ሁለት አስ መጣላቸው። ለማያውቅ ልንገር፤ በዚህ ጨዋታ ከሁለት አስ የሚበልጥ መነሻ የለም። እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። ኤዶ ዐስሊ ካርታውን አዩ፣ ፊታቸውን አጨፈገጉ፣ "መንገዱ ሰፊ ነው" አሉና "ጣል" የሚለውን ነኩ። ከዚያ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አንጋለው አስቀመጡና እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ምን እየጠበቅሽ ነው አልኳቸው።

"እስኪጠሩኝ" አሉ።

ማንም አልጠራቸውም። አንድ ኮብራ ሰባ ሰባት የሚባል ሰውዬ፣ የት አገር እንዳለ አላህ ይወቅ፣ በሁለት አምስት ቺፑን ሁሉ ሰብስቦ ወሰደ። ሌላ ካርታ ታደለ። ኤዶ ዐስሊ ግን አሁንም የድሮውን እየጠበቁ ነበር። በመጨረሻ ሰዎቹ አሳዳጊ የበደላቸው መሆናቸውን ተናግረው ስልኩን ዘጉ።

እኔ ለማስረዳት ሞከርኩ። እዚህ ገበያ ውስጥ ሻጩ ፊትሽን ያያል አልኳቸው፤ ጀርባሽን ሲያይ ይደነግጣል፣ ይጠራሻል። እዚያ ግን ማንም አያይሽም። የጣልሽው ተጥሏል። እሳቸው አልተዋጠላቸውም፤ በሶማልኛ አንተ ሰው ብለው፣ ሰይፈ ሚካኤል የሚለውን ስሜን አሳጥረው ጠሩኝ።

"ዋርያ ሰይፉ፣ ጥሩውን ድሪያ የት ነው የማስቀምጠው? ከኋላ፣ በፌስታል ጠቅልዬ። የሚጮህለት የማይሸጠው ዕቃ ነው። የምትፈልገውን ነገር እንደምትፈልገው ካሳየህ ተበላህ።"

በዚህም ሕግ ተጫወቱ። ሁለትና ሰባት ሲደርሳቸው፣ በጨዋታው ከዚያ የከፋ ካርታ የለም፣ ይህን በምን እገላገለዋለሁ ብለው ያላቸውን ቺፕ በሙሉ ወደ መሀል ይገፋሉ። አምስቱም ተጫዋቾች ደንግጠው ይሸሻሉ። እንደገና አስ ወይም ንጉሥ ሲደርሳቸው ተነሥተው ይሄዳሉ። እንዲህ አድርገው አንድ ወር ሙሉ ሳይከስሩ ሳያተርፉ መኖራቸውን ሳይ፣ እውቀቴን ተጠራጠርኩ።

አንድ ቀን ግን ተናድጄ ነገርኳቸው። ንጉሥና ንጉሥ ይዘው፣ ግማሽ ቺፓቸውን አስገብተው፣ ኮብራ ትንሽ ቢጨምርባቸው ጣሉ። ኤዶ፣ አልኳቸው፣ ጠንካራ ካርታ ስትይዢ ሁልጊዜ ግፊ አልልሽም፤ ስንት ሰው እንዳለ፣ መሀል ላይ ምን እንደወጣ ማየት አለ። ግን ግማሹን ካስገባሽ በኋላ መነሣት ቁጠባ አይደለም፤ ሽሽት ነው። እዚያ ድረስ ከሄድሽ የቀረውንም ግፊና ተቀመጪ፤ ከተበላሽም ተቀምጠሽ ተበዪ። ኤዶ ዐስሊ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ከቨሩን በሃያ ትሰጠኛለህ ወይ አሉኝ። አልሰጥም አልኩ።

በግንቦት የሆነው ሆነ። የመደዳችን መግቢያ ላይ አንድ የብረት በር አለ። ቁልፉ ዘጠኝ ዓመት በኤዶ ዐስሊ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ቁልፉን የያዘ ሰው ጠዋት ይከፍታል፣ ለቀትር ይዘጋል፣ የማን ዕቃ በማን ደጃፍ እንደገባ ይዳኛል፣ የታመመ ሲኖር ጠያቂ ይልካል። ደሞዝ የለውም። እሳቸው ግን በዒድ ቀን እንኳ በሩን በእጃቸው ነካ አድርገው ነው ወደ ዘመድ የሚሄዱት። ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሣቸው ያ ቁልፍ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን አይናገረውም።

የጣሪያ ሸራ ስለመቀየር ተሰብስበን እያወራን ሳለ፣ ሱሀይራ አንዳንድ ጠዋት በሩ እየዘገየ ይከፈታል አለች። ሱሀይራ አዲስ የመጣች ወጣት ነጋዴ ናት። ዕቃዋ ላይ ቁርጥ ዋጋ ትለጥፋለች፣ ልብሱን በስልክ ቪዲዮ ታሳያለች፣ ሰውም ሳይከራከር ይገዛታል። ክፉ አልተናገረችም። ኤዶ ዐስሊ ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ደክሞኛል" አሉ። "ሌላ ሰው ምረጡ።"

እኔ ወዲያው ገባኝ፤ ሁለት አስ ነው። አሁን የሚጠበቀው አንድ ሰው ተነሥቶ ትከሻቸውን ይዞ "ኧረ አይሆንም" እንዲል ነው። እሳቸው ሦስት ጊዜ እምቢ ይላሉ፣ እኛ አራት ጊዜ እንለምናለን፣ ቁልፉ ወደ አንገታቸው ይመለሳል። ናስቲሆ የዚያን ቀን አልነበረችም። ወጣቶቹ ይህን ሥርዓት አያውቁትም፤ ቁርጥ ዋጋ ላይ ያደጉ ናቸው። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ። አሥራ አንድ ዓመት ያልጠራሁ ሰው በጉባኤ መሀል ልጥራ? መልሼ ዘጋሁት።

ሱሀይራ "እሺ ኤዶ፣ በጣም ነው የምናመሰግነው፣ ለፍተሽልናል" አለችና አጨበጨበች። ሁሉም አጨበጨበ። የተመረጠችው ሱሀይራ ራሷ ናት፤ እሳቸውም ቁልፉን በእጃቸው ሰጧት። ኤዶ ዐስሊ ከልባቸው የመጣ የሚመስል ፈገግታ አሳይተው ተነሡ። ሰባት እርምጃ ሄዱ። ጫማቸው ወለቀ፣ አጠለቁት፣ ማንም አልጠራቸውም።

በሦስተኛው ቀን ጅግጅጋ ልጃቸው ጋ ለሁልጊዜ ሊሄዱ መሆኑን ለናስቲሆ ነገሯት፤ የነገሯት ግን መደዳው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ነው። ልጃቸው ዐብዲራሕማን ጅግጅጋ ቤት ሠርቷል፤ በየዒዱ ነይ እያለ ይደውላል። ናስቲሆ አለቀሰች እንጂ ሂጂም ቅሪም አላለች፤ ልጅ ሲጠራ ምን ይባላል? ሱሀይራማ ኬክ አስጋገረች። ላዩ ላይ "መልካም መንገድ ኤዶ" የሚል ተጽፎበታል። ኤዶ ዐስሊ ኬኩን እንደ መራራ መድኃኒት ዋጡት። ለእኔ ሲደርሱ ቀይ ከቨር አነሡ፣ "ሃያ" አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። እኔ፣ ግንዱ፣ የዛሬውን ዋጋ ነገርኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሻንጣቸውን ለሙመድ አሸክመው ወደ መናኸሪያ ወጡ። ሙመድ የታይዋን ሽማግሌ ተሸካሚ ነው። ከተመለሰ በኋላ የወሰደው ሥራ ከሚገባው በላይ ጊዜ እንደፈጀበት እያጉረመረመ ደጃፌ ላይ ተቀመጠ። ስንት ሰዓት ሄዱ አልኩት።

"አቦ፣ መች ሄደች?" አለ ሙመድ። "ሁለት ሚኒባስ አሳለፈች። አንደኛው ሞልቶ ሊነሣ ሲል ቦታዋን ለአንድ ወታደር ሰጠች። ሁለተኛው ላይ ለነፍሰ ጡር ሰጠች። አልቸኩልም ትላለች። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ወደዚህ ወደዚህ ታያለች።"

መፍቻዬን አስቀመጥኩ። ሁለት መኪና ያሳለፈች ሴት የያዘችውን ካርታ ገልጣ እንዳሳየችኝ ነው። የእኔም ካርታ ጠንካራ ነው። ብሄድና ብጠራቸው እንደሚመጡ ከሞላ ጎደል አውቃለሁ። ታዲያ እግሬን ምን ያዘው?

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ባዶ እጁን የቀረ ሰው ደፋር ነው፣ የሚያጣው የለም። የሚንቀጠቀጠው ጥሩ ካርታ የያዘው ነው። ብጠራቸውና ባይመለሱስ? እናትን ከልጇ ቤት መልስ ብሎ ማን ላከኝ? መደዳው ሁሉ ሰይፈ ሚካኤል ተሸነፈ ብሎ እስከ መስቀል ሲስቅብኝ ይኖራል። ነገ ደግሞ ሁሉም ገዢ እየተነሣ ይሄድብኛል። እነዚህን ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ የራሴ ምክር ትዝ አለኝ፤ ግማሹን ካስገባህ በኋላ መነሣት ቁጠባ አይደለም ብዬ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አስገብቻለሁ። በየሳምንቱ አንድ ቀይ ከቨር ላይ ስንጨቃጨቅ፣ ከእናቴ ቀብር በኋላ ከማንም ጋር ያልተናገርኩትን ከእሳቸው ጋር ስናገር ኖሬያለሁ። የዚያን ሰሞን ሱቄን ስከፍት ደጃፌ ላይ ቆመው "ሃያ" ብለውኝ ነበር፤ በዚያ ወር የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ መሀል ላይ ተገፍቷል፤ መልሼ አልወስደውም።

ሱቄን ከቀትር በፊት ዘጋሁ። በድልድዩ ለመዞር ትዕግሥት አልነበረኝም፤ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አቋርጬ ወጣሁ። ሦስተኛው ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶት ቆሟል። ረዳቱ "ጅግጅጋ አንድ ሰው" እያለ ይጮኻል፤ አንዱ ሰው ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ሻርፑን ያስተካክላል።

ኤዶ ዐስሊ አዩኝ። ያዩኝ መሆኑን ያወቅኩት ወዲያው ተነሥተው ጀርባቸውን ስለሰጡኝ ነው። "መንገዱ ሰፊ ነው" አሉ ለረዳቱ፤ ረዳቱ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ መሆኑን ሊያስረዳ ሞከረ። ወደ መኪናው መራመድ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በቁጣ። አራተኛው ላይ ሻርፑ ተነካ። አምስተኛው ላይ ብርቱካን የሚሸጥ ሰው ጋ ቆም ብለው አንዱን ብርቱካን ጫን አደረጉት። ስድስት። ሰባት። ስምንተኛው እርምጃ የመኪናው መወጣጫ ነበር። እግራቸውን አነሡ፤ የግራ ጫማቸው ወልቆ አስፋልቱ ላይ ወደቀ።

"ነይ ውሰጂው" አልኩ።

በጣም ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ተሳፋሪዎቹ ሁሉ በመስኮት ብቅ አሉ። ኤዶ ዐስሊ አልዞሩም። አንድ እግራቸው መወጣጫው ላይ፣ ባዶ እግራቸው አስፋልቱ ላይ ሆነው ቆሙ።

"በስንት?"

"ባልሽው።"

ትከሻቸው አንዴ ከፍ ዝቅ አለ። እያለቀሱ ነው ብዬ ልጠጋ ስል ዞሩ፤ ዓይናቸው ቀልቷል፣ አገጫቸው ግን ቀጥ ብሏል።

"ከነመስታወት መከላከያው" አሉ።

ከነመስታወት መከላከያው አልኩ። ረዳቱ አሁንም አንድ ሰው እንደጎደለው እየተሳደበ ጣሪያ ላይ የጫነውን አንዱን ሻንጣ አወረደ፤ በእሳቸው ቦታ እኔ እንደማልሳፈር ሲያውቅ ደግሞ ስድቡን ደገመው።

ሁለቱንም ሻንጣ ተሸክሜ ከኋላቸው ተከተልኩ። ደቻቱ መሀል ስንደርስ እሳቸው ቆሙ። ቁልፉን እንዴት ነው የምጠይቃት አሉኝ። እንደምትፈልጊው ንገሪያት አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነውር ከእኔ አፍ ሰምተው እንደማያውቁ ሁሉ አዩኝ።

መደዳው ለቀትር ሊዘጋ ነበር። ሱሀይራ ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ኤዶ ዐስሊ ሻንጣቸውን ከእጄ ተቀበሉ፣ በሩ መሀል ላይ አጋደሙት፣ ተቀመጡበት።

"ሱሀይራ" አሉ፤ ቃሉ ከጥርሳቸው መሀል ነው የወጣው። "ቁልፉን እፈልገዋለሁ። ስሰጥሽ ውሸቴን ነበር። ብትሰጪኝም ባትሰጪኝም ከዚህ አልነሣም።"

ሰው ተሰበሰበ። እኔ ኤዶ ዐስሊ "እፈልገዋለሁ" ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ናስቲሆ ለሁለተኛ ጊዜ ነው ትላለች፣ የመጀመሪያው ዐብዲቃድርን ነው። ሱሀይራ ወዲያው አልሰጠችም። ተሰብስበን የመረጥነው ነው አለች፤ እውነቷን ነው። እንግዲያው ተሰብሰቡና ሻሩኝ፣ እኔ እዚህ ነኝ አሉ ኤዶ ዐስሊ። ፀሐዩ አናታችን ላይ ነበር። ማንም ወደ ቤቱ መሄድ አልቻለም፤ በሩ መሀል ሰው ተቀምጦበታል። ሱሀይራ ተራ በተራ አየችን። ማንም እጁን ለሽረት አላነሣም። ከዚያ ቁልፉን አውጥታ እጃቸው ላይ አስቀመጠች።

"መጀመሪያስ ለምን እንዲህ አላልሽንም?" አለች። ከልቧ ነው የጠየቀችው። አሁን ኤዶ ዐስሊ ያረፈዱ ቀን ሱሀይራ ትከፍታለች፤ ሁለተኛ ቁልፍ ተቀርጾላታል።

ልጃቸው ዐብዲራሕማን ሲደወልለት ሳቀ አሉ። አልጋውን እንኳ አላነጠፍኩም ነበር ብሏል።

መደዳው እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ገዢ ሁሉ እየተነሣ መሄድ ጀምሯል፤ የምድር ባቡር ትኬት ቆራጭ ልጅ ሃያ ብር ላይ ወደቀ እየተባለ ነው። ሳቁ። አንድ ከቨር ከነመስታወት መከላከያው በሃያ ብር ሸጫለሁ፤ ነገም ቢሆን እሸጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት በቀትር ጠሩኝ። ስልካቸው በቀይ ከቨሩ ውስጥ ነው። ሁለት አስ ደርሷቸዋል፤ ኮብራ ሰባ ሰባት ፊት ለፊት አለ። ኤዶ ዐስሊ ጣታቸውን "ጣል" ላይ አስጠጉ፤ እንደገና አነሡት። ከዚያ ያላቸውን ቺፕ በሙሉ ወደ መሀል ገፉ። ኮብራ ተከተለ። መሀል ላይ ካርታዎቹ ተዘረጉ፣ የመጨረሻው ላይ ያ የተረገመ ሰውዬ ሦስተኛ አምስቱን አገኘ፤ ሦስት አምስት ደግሞ ሁለት አስን ይበላል። ሁሉም ነገራቸው ሄደ። እኔ ምክሬን ረግሜ ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጀሁ።

ኤዶ ዐስሊ መነጽራቸውን አወለቁ። "ይሁን" አሉ። "ተቀምጬ ነው የተበላሁት።"

በማግሥቱ ሱቄ መጡ። ለልጅ ልጃቸው አንድ ሰማያዊ ከቨር አነሡ። ሃያ አሉ፤ አልሸጥም አልኩ፤ መንገዱ ሰፊ ነው ብለው ተነሡ። አንድ፣ ሁለት።

ሦስተኛው ላይ ጠራኋቸው።